ልቡ የማያርፍ ልጅ እንዴት ይታወቃል?

በየመንደሩ ትምህርት ቤት፥ ተቀመጥ ሲባል የሚነሣ፥ ጥያቄው ሳይፈጸም መልሱን የሚናገር፥ ደብተሩን ዛሬ በቤቱ ነገ በመንገድ የሚረሳ ልጅ አይታጣም። መምህሩ ባለጌ ይለዋል፤ አባቱ በአርጩሜ ይገርፈዋል፤ እርሱም ትምህርቱን ጠልቶ ይቀራል። ከእንደዚህ ያሉት ልጆች መካከል ግን ጥቂቶቹ ያለባቸው፥ ሐኪሞች የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር የሚሉት ነው። ይህም ከአእምሮ አሠራር የሚመጣና ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ስለ ሆነ፥ በግርፋት አይወጣም።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በሎንዶን ባሰማው ንግግር፥ አእምሮአቸው ሳይጐድል ራሳቸውን መግዛት ስለ ማይችሉ ልጆች ተናግሮ ነበር። እርሱ ነገሩን የግብረ ገብ ጉድለት አድርጎ ቈጠረው። የዛሬ ሐኪሞች ይህን አሳብ ትተውታል፤ በመንደር ግን ገና አልተተወም።

እንግዲህ መምህሩ በምን ይለየዋል? መቅበጥበጥ የልጅ ሁሉ ጠባይ ነውና፥ አንድ ቀን አይቶ መፍረድ አይገባም። ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፥ ቢያንስ 6 ወር የቈየ፥ ከእኩዮቹም የበዛ ሆኖ ትምህርቱንና ኑሮውን የሚያውክ መሆን አለበት። ደግሞም ከአንድ ስፍራ በላይ መታየት ይገባዋል። በክፍል የሚያስቸግረው ልጅ በቤቱ የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ከሆነ፥ ምክንያቱን በክፍሉ ውስጥ፥ ምናልባትም በመምህሩ ዘንድ መፈለግ ይሻላል። ከብት ሲጠብቅም ከብቱን ረስቶ ወፍ የሚከተል፥ ጨው ግዛ ተብሎ ሲላክ የተላከበትን የሚዘነጋ እንደ ሆነ ግን ያጠራጥራል።

ከሁሉ ይልቅ የምትዘነጋው ዝምተኛይቱ ልጅ ናት። ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፤ ማንንም አታውክምና የሚመለከታት የለም። የጀመረችውን ሒሳብ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሰነፍ ተብላም ትቀራለች። ችግሩ ያለ መቅበጥበጥም ይኖራልና፥ መምህሩ እንዲህ ያለችውን ፈልጎ ማየት አለበት።

አስቀድሞም ሌላውን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል። ከበስተ ኋላ በዝግታ ሲጠሩት ይሰማልን? በሰሌዳ የተጻፈውን ከሩቅ ያነባልን? ቁርስ በልቶ፥ ሌሊትም ተኝቶ መጥቷልን? በየጊዜው ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑ ፈዝዞ የሚቀርና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ፥ አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላልና ወደ ሐኪም ይላክ።

ለችግሩ ስም መስጠት የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም። መምህሩ ልጁን ከፊት ያስቀምጠው፤ ትእዛዙን አንድ በአንድ፥ በአጭር ቃል ይስጠው፤ በየመካከሉም ሰሌዳ እንዲጠርግ እያስነሣ ያንቀሳቅሰው። ያየውንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለጥቂት ሳምንት ይጻፍ፤ ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ለሐኪሙ የሚያሳዩት ይህን ጽሑፍ ነውና።