ያገለገለ ፒካፕ ከመግዛታችን በፊት፦ የሞተር ጤንነትና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

የእህል ወፍጮ ያቋቋመ ደብር መለዋወጫ ከከተማ ማስመጣት ይኖርበታል። የችግኝ ጣቢያ ያለው ገዳም ችግኙን ዝናቡ ሳያልፍ ወደ መትከያው ቦታ ማድረስ አለበት። የንጹሕ ውኃ ሥራ የጀመረ አጥቢያ ቧንቧውንና ሲሚንቶውን የሚያጓጉዝበት ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰበካ ጉባኤያት ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ለመግዛት ያስባሉ፤ ገንዘቡም ከምእመናን ስእለት፣ ከዐሥራት በኩራትና ከሙዳየ ምጽዋት የተጠራቀመ ነው።

አዲስ ተሽከርካሪ መግዛት ለአብዛኞቹ አጥቢያዎች የሚቻል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው እጅግ ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ለደብር አቅም የሚቀርበው ፒካፕ በአመዛኙ በሀገራችን ዳገትና ኮረኮንች ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ ነው። የውጭ ቀለሙ ቢያምርም የሞተሩ ጤንነት ካልታወቀ፣ የተገዛው ንብረት ሳይሆን ዕዳ ሊሆን ይችላል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የሰጠው ትምህርት በዚህም ሥራ ላይ ይመራናል፤ ወጪውን አስቀድሞ ማስላት የእምነት ማነስ አይደለም።

የሞተር ትውልዶችና ጠባያቸው

በገበያችን በብዛት የሚገኘውን ቶዮታ ሃይሉክስን ለምሳሌ እንውሰድ። የቀደሙት ዓይነቶች 2.8 ሊትሩን 3ኤል ወይም 3.0 ሊትሩን 5ኤል ሞተር የያዙ ናቸው። እነዚህ ቱርቦ የሌላቸው፣ የናፍጣ ፓምፓቸውም በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ስለሆነ በወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ሊጠግናቸው ይችላል። ድካማቸው በከፍታ ቦታ ላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዳገት ላይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ይህ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት ባይሆንም ከባድ ጭነት ለሚጠብቀው ደጋማ አጥቢያ ሊታሰብበት ይገባል።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የመጡትና በተለምዶ «ዲ-ፎር-ዲ» የሚባሉት 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ እና 3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ናቸው። ቱርቦ ስላላቸው በዳገት ይበረታሉ። ነገር ግን ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልኩት ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ይህም ከመኪና ጎማ ነፋስ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። የኢንጀክተሩ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ከበርሜል የተቀዳና ውኃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። የአራት ኢንጀክተሮች ለውጥ ለአንድ የገጠር አጥቢያ ከባድ ወጪ ነው።

በዚህ ሞተር ላይ ተለይቶ የሚታወቅ ሌላ ችግር አለ። በኢንጀክተሮቹ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲደክም የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ያመልጥና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ጥቀርሻው ወደ ዘይት ቋቱ ወርዶ ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይዘጋል። ወንፊቱ ሲዘጋ ዘይት ወደ ላይ አይደርስም፤ ሞተሩም በድርቀት ይበላል። ቀለበቶቹን መለወጥና ወንፊቱን ማጽዳት ሞተር ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ወጪ ነው። ስለዚህ ከግዢ በፊት መካኒኩ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የደረቀ ጥቀርሻ መኖሩን እንዲመለከት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት 2.4 ሊትሩ 2ጂዲ እና 2.8 ሊትሩ 1ጂዲ የጊዜ ማስተካከያቸው በሰንሰለት እንጂ በቺንጋ አይደለም። በቀደሙት ግን ቺንጋው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100,000 እስከ 150,000 ኪ.ሜ. ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። ሳይለወጥ ቆይቶ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ሻጩ «ተለውጧል» ቢል ደረሰኙ ይታይ፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተለወጠም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ከሌሎች አምራቾችም የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው አሉ። የሚትሱቢሺ ኤል200 4ዲ56 ሞተር ሁለት ቺንጋዎች አሉት፤ ትንሹ ተበጥሶ ትልቁን ሊያበላሽ ስለሚችል ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ። በኒሳን 2.5 ሊትር ዋይዲ25 ሞተር ላይ ሰንሰለቱ የመላላት ችግር ስለሚታይበት፣ ሲነሣ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ መጠርጠር ይገባል።

ሞተሩ ራሱ የሚናገረው

አንደኛ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ መታየት አለበት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ የጠዋት ድካሙ ይሸሸጋል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን በእጅ መዳሰስ፣ ሞቆ ከተገኘም በሌላ ቀን በማለዳ መመለስ ይበጃል።

ሁለተኛ፣ ጭሱ ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜም የፒስተን ፋሻው መድከሙን ይናገራል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለ፣ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ የአየር ማጣሪያ መዘጋትን ወይም የኢንጀክተር ብልሽትን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ቀስ ብሎ ይከፈት። ጢሱ በኃይል እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ የራዲያተሩ ውኃ ይመርመር። ዘይት የሚንሳፈፍበት ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ራዲያተሩ ሞቆ ሳለ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሙቀት እንዲችል የሚያደርገው ግፊቱን የሚይዘው ክዳን ነው። ስለዚህ የላላ ክዳን ትንሽ ነገር ቢመስልም ሞተር ያቃጥላል።

አምስተኛ፣ መኪናው ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ይውጣ። በከተማ ሜዳ ላይ መንዳት ምንም አያሳይም። የሙቀት መለኪያው ከመካከል በላይ ከወጣ ግዢው ይቆይ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። የፔዳሉ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር መበላት ከቁጥሩ ይልቅ እውነት ይናገራሉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ተሽከርካሪው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል በግዢ መውሰድ ደብሩን ከሕግ ጋር ያጋጨዋል።

ከግዢ በኋላ

ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው ዋጋ ማዋል አይገባም። ከተሰበሰበው አንድ አምስተኛ ያህሉ ለመጀመሪያው ጥገና እንዲቀመጥ እንመክራለን። ዘይት፣ የዘይት፣ የአየርና የናፍጣ ማጣሪያዎች፣ የራዲያተር ፈሳሽና ቺንጋ በአንድ ጊዜ ተለውጠው የተለወጡበት ኪሎ ሜትር በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በአቧራ መንገድ ለሚሠራ መኪና ዘይቱን በየ5,000 ኪ.ሜ. መለወጥ፣ በናፍጣ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃም በየጊዜው ማፍሰስ ያስፈልጋል። ባለ ቱርቦ ሞተር ከረጅም ዳገት በኋላ ወዲያው አይጠፋም፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይቆይ።

ሾፌሩ አንድ ነገር በጽኑ ይወቅ፦ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ወይም ሙቀቱ ከወጣ መኪናው በዚያው ይቆማል። «እስከ ቀጣዩ ከተማ ይድረስልን» የተባለበት መንገድ ሞተር ያስከፍላል። የጉባኤው አባላትም በመንገድ ላይ የቆመውን ሾፌር ስለ መዘግየቱ ሊወቅሱት አይገባም፤ ወቀሳን የሚፈራ ሾፌር መብራቱን አይቶ ዝም ብሎ ይነዳልና።

በመጨረሻም የማይገዛበት ጊዜ እንዳለ እናስገነዝባለን። መኪና በወር ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ የሚያስፈልገው አጥቢያ፣ የሾፌሩን ደመወዝ፣ መድኑንና ጥገናውን ደምሮ ከኪራይ ጋር ያነጻጽር። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት አጥቢያዎች በወረዳ ቤተ ክህነቱ በኩል በጽሑፍ ውል አንድ መኪና በጋራ ቢይዙም ወጪው ይቀላል። ጉባኤው ከሒሳቡ በኋላ «አንገዛም» ብሎ ቢወስን፣ ያ ገንዘብ ለወፍጮው ወይም ለውኃው ሥራ ተርፏል። እንገዛለን ካለም፣ ከደላላው ቃል በፊት የመካኒኩ የጽሑፍ ምርመራ በቃለ ጉባኤው ላይ ይያያዝ፤ ለምእመናን ሒሳብ በሚቀርብበት ቀን ጉባኤው በእጁ የሚያሳየው ማስረጃ እርሱ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።