እንጨት የሌላት የአናጢዎች ከተማ

ግብፅ ይህ ነው የሚባል ደን የላትም። ለአልጋና ለቁምሳጥን የሚሆነው ጣውላ ከባሕር ማዶ፣ በብዛትም ከአውሮፓ፣ በመርከብ ተጭኖ ይመጣላታል። እንዲያም ሆኖ የናይል ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ ከሜዲትራኒያን በሚገናኝበት ሥፍራ ያለችው ዱምያጥ፣ ፈረንጆች ዳሚዬታ የሚሏት፣ በቤት ዕቃ ሥራ በመላው የዓረብ ዓለም የታወቀች ናት። አንዱ ወርክሾፕ እግር ይጠርባል፣ ሌላው ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ይቀባል፣ አራተኛው ስፖንጅና ጨርቅ ያለብሳል፤ ያላለቀ ወንበር በጋሪ ተቆልሎ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ይዞራል። የዓለም የቤት ዕቃ ሥራ በጥቂት ከተሞች ለምን ይከማቻል የሚለው ጥያቄ መንግሥታትን ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዶቹ ያላቸውን በቀረጥ ለማቆየት ይታገላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የሌላቸውን በአዋጅና በሼድ ለመትከል ይሞክራሉ። ለጥያቄው የሚሰጡት የተለመዱ መልሶች ሁለት ናቸው፤ እንጨት አለ፣ ወይም ጉልበት ርካሽ ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ዱምያጥን አያስረዱም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመርካቶን ተራዎች የሚያውቅ ሰው ነገሩን በግማሽ ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ተራርቀው ሳይሆን ተጠጋግተው የሚቀመጡት ገዢው ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። የቤት ዕቃ ግን ከሽያጭ በፊት ሌላ ጉድ አለበት። አንድ ሶፋ የአንድ ሙያ ውጤት አይደለም፤ ጣውላ አድራቂው፣ ቶርኖ የሚያዞረው፣ ቫርኒሽ ቀቢው፣ ማጠፊያና እጀታ አቅራቢው፣ የመጋዝ ስለት የሚሞርደው፣ የተሰበረ ማሽን የሚጠግነው ሁሉ እጃቸው አለበት። አንዱ ፋብሪካ ሁሉንም በጉያው ልያዝ ቢል ግማሾቹ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ይሆኑበታል። መቶ አምራቾች በአንድ አካባቢ ሲኖሩ ግን ስለት ሞራጁ ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን አስተውሎ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ሙያው ምስጢር መሆኑ ይቀርና ልጆች ሳያውቁት የሚማሩት ነገር ይሆናል። እኛ ዘንድ ክላስተር የሚለው ቃል ይበልጥ የሚሰማው የገበሬዎች ማሳ ተጋጥሞ አንድ ሰብል ሲዘራበት ነው፤ የእንጨት ሥራው ክላስተር ግን ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ሁሉም አንድ ነገር ያደርጋል፤ እዚህ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይሠራል።

ይህን ከጣሊያን የተሻለ የሚያሳይ አገር የለም። የአማርኛ አናጢም ሳያውቀው ይመሰክርላታል፤ ቶርኖ፣ ኮላና ኮምፔንሳቶ የምንላቸው ቃላት ከዚያው የመጡ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ፣ በኡዲኔ አጠገብ፣ ማንዛኖ፣ ሳን ጆቫኒ አል ናቲሶኔና ኮርኖ ዲ ሮዛዞ የተባሉ ሦስት ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ የወንበር ሦስት ማዕዘን ይሏቸዋል። በገናናነታቸው ዘመን ከሺህ የሚበልጡ ድርጅቶች ነበሯቸው፣ አብዛኞቹም የቤተሰብ ነበሩ፤ መቀመጫውን ብቻ ወይም የወንበር ጀርባን ብቻ የሚሠሩ ነበሩባቸው። በ1995 ማንዛኖ ውስጥ ሃያ ሜትር ቁመት ያለው የእንጨት ወንበር አቁመው ነበር፤ ኩራታቸውን ለማስለካት ይመስላል። ከሚላኖ ወደ ኮሞ በሚወስደው መንገድ ባለው ብሪያንዛ ደግሞ ሊሶኔ፣ ካንቱና ሜዳ የተባሉት ከተሞች ሌላ ጥበብ ጨመሩበት፤ የሚላኖ አርክቴክት ወረቀት ላይ የነደፈውን ሐሳብ ሊሞክሩ የሚደፍሩ የእጅ ባለሙያዎች በቅርብ ርቀት ተቀምጠው ነበር። ጂዮ ፖንቲ የነደፋት ሱፐርሌጄራ የምትባለው ወንበር በ1957 ሜዳ ላይ ካሲና በተባለው ድርጅት ስትሠራ ክብደቷ 1.7 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ቅጥነት በስዕል ብቻ አይገኝም፤ እንጨቱ እስከምን ድረስ ቢቀጥን ሳይሰበር እንደሚቆም እጁ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በ1961 የተጀመረው የሚላኖ የቤት ዕቃ ትርዒት ይህንን ቅርበት ለዓለም ገበያ አቀረበው። የጣሊያን ደመወዝ ከእስያው ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ ብሪያንዛ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኗ ርካሽ ጉልበት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ያሳያል።

የእንጨቱ መልስ ግን በአሜሪካ ታሪክ ላይ ቆሞ ሊሞግት ይችላል። ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ግራንድ ራፒድስ በግራንድ ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ እየተቀበለች አደገች፤ በ1876 በፊላደልፊያ የመቶኛ ዓመት ትርዒት ላይ ታይታ ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ ከተማ ተባለች። በ1911 ሠራተኞቿ ለወራት የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ኋላም ገበያው ደን ወዳለበትና ደመወዝ ወደሚያንስበት ደቡብ ወረደ፤ በኖርዝ ካሮላይና የምትገኘው ሃይ ፖይንት የመጀመሪያ ፋብሪካዋን በ1889 አቁማ ነበር። ታዲያ እንጨትና ርካሽ ጉልበት መነሻ አልሆኑም? ሆነዋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። መነሻ ግን አንድ ነገር ነው፣ ማቆያ ሌላ። የግራንድ ራፒድስ ደን ተመናምኖም ሙያው ከተማዋን ጥሎ አልሄደም፤ ወደ ቢሮ ዕቃ ዞረና በ1912 የተቋቋመውን፣ ዛሬ ስቲልኬዝ የሚባለውን ዓይነት ኩባንያ አወጣ። ግንዱ ሲያልቅ የቀረው ብረትና እንጨትን አዋህዶ የሚሠራው እጅ ነበር።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሷ ከሃይ ፖይንት ይመጣል፤ ቅርበት ይህን ያህል ጉልበት ካለው እንዴት በጥቂት ዓመታት ፋብሪካዎቿን አጣች? መልሱ ከታይዋን ይጀምራል። በ1980ዎቹ ታይዋን ለአሜሪካ ዋና የቤት ዕቃ ላኪ ነበረች። ደመወዝ ሲጨምርና ገንዘቧ ሲጠነክር አምራቾቿ ወደ ጓንግዶንግ፣ በተለይም ወደ ዶንግጓን፣ ተሻገሩ። ልብ በሉ፤ የተሻገረው አንድ ፋብሪካ አልነበረም። ቀለም አቅራቢው፣ ማጠፊያ ሠሪው፣ ማሽን ጠጋኙና ፎርማኑ ተከታትለው ሄዱ። ሹንዴ ውስጥ ሌኮንግ በተባለችው ከተማ ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ የቤት ዕቃ ገበያ በመንገድ ግራና ቀኝ ተዘረጋ። የአሜሪካ አምራቾች በበኩላቸው ቁምሳጥንና አልጋ ከዚያ እያስመጡ በራሳቸው ስም መሸጥ ጀመሩ፤ ሥራቸውን የነጠቃቸው ሌላ ሰው ብቻ አልነበረም፣ ራሳቸው አስረክበዋል። ሌሎቹ ግን ከሰሱ፤ በ2005 መጀመሪያ ላይ ከቻይና በሚመጣ የመኝታ ቤት ዕቃ ላይ የፀረ ርካሽ ሽያጭ ቀረጥ ተጣለ። ለምርመራው ለተባበሩ ብዙ ኩባንያዎች ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ላልተባበሩት 198 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚያስ? ፋብሪካው ወደ አሜሪካ አልተመለሰም፤ ቬትናም ውስጥ በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገር ወደነበረችው ቢን ዱዎንግ፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ በዚያው በታይዋናዊ እጅ፣ ዞረ። ቀረጡ የአንድን አገር ስም ከሳጥኑ ላይ ፋቀ እንጂ የተበተነውን የሙያ ሰንሰለት አልቀጠለም።

እዚህ ላይ የሚገርመው ያልሄደው ነገር ነው። በኖርዝ ካሮላይና ዛሬም ሶፋ ይሠራል፤ በተለይ በሂከሪ አካባቢ። ቁምሳጥን ተፈታትቶ በኮንቴነር ሊጠቀጠቅ ይችላል፤ ሶፋ ግን ግማሹ አየር ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው፣ ገዢውም ከብዙ መቶ የጨርቅ ዓይነቶች መርጦ በሳምንታት ውስጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ሰፊውና ስፖንጅ ቆራጩ ከጨርቅ ሻጩ አጠገብ ቀሩ። ሃይ ፖይንትም በ1909 የጀመረችውን ገበያ አልለቀቀችም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ 75,000 የሚጠጋ ሰው ይመጣባታል፤ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ የሆነው ማሳያዋ ላይ ከሚታየው ብዙው እስያ ውስጥ የተሠራ ነው። በጥቅምት 2025 አሜሪካ በጨርቅ በተለበጠ የእንጨት ዕቃና በወጥ ቤት ቁምሳጥን ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ስትጥል ክርክሩ እንደገና ተቀሰቀሰ። ለሶፋው ሰንሰለቱ ስላለ ቀረጡ የሚደግፈው ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ እንደ መኝታ ቤት ዕቃው ሰንሰለቱ ለተበጠሰበት ግን ከ2005ቱ የተለየ ውጤት የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ኢኬያ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ፤ ከተማ የሌለው፣ ከየትም ገዝቶ በየትም የሚሸጥ ኩባንያ ነውና። ታሪኩ ሲታይ ግን እንዲያ አይደለም። ኢንግቫር ካምፕራድ በ1943 የመሠረተው ድርጅት የተነሣው እንጨት ሥራ ከነበረበት ከስሞላንድ ነው፤ የሚፈታታ ዕቃ ከ1956 ጀምሮ ሲያስፋፋ፣ ዋጋ መስበሩ ያስቆጣቸው የስዊድን ነጋዴዎች አቅራቢዎቹን እንዳይሸጡለት አሳመኑበት። በ1961 ፊቱን ወደ ፖላንድ ያዞረው ለዚህ ነው፤ እዚያም ባዶ ሜዳ አልጠበቀውም፣ ወንበር ማጠፍ የሚያውቁ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፖላንድ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የቤት ዕቃ ላኪዎች ተርታ ናት። ኩባንያው አገር መረጠ እንጂ ሙያውን ከምንም አልፈጠረም።

መንግሥት ክላስተር መትከል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ ዱምያጥ ይመልሰናል። የግብፅ መንግሥት ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ የቤት ዕቃ ከተማ ሠርቶ በ2019 አስመረቀ፤ ሰፋፊ ወርክሾፖች፣ ማሳያና መንገድ አለው። ብዙ አነስተኛ ባለሙያዎች ግን ለመግባት አመነቱ፤ ዋጋውም ርቀቱም ከበዳቸው። ይህ ስንፍና አይደለም። በአሮጌው ሰፈር ቀቢው ማዶ ነው፣ የጎደለ እጀታ በእግር ተሂዶ ይመጣል፣ ዱቤ የሚሰጠው ጣውላ ነጋዴ አባቱንም ያውቀዋል። አዲሱ ቦታ የሚሰጠው ጣሪያ ነው፤ የሚወስደው ደግሞ እነዚህን ሁሉ ነው። ቻይና ውስጥ የአካባቢ መስተዳድሮች እጅ እንደነበረበት እውነት ነው፤ መሬትና መንገድ የሰጡት ግን ሰንሰለቱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ሲመጣ ነበር። እኛም ዘንድ በእንጨትና ብረታ ብረት ለተደራጁ አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ሼድ ሲሰጥ ቆይቷል። ሼዱ ስንት አናጢ ይይዛል የሚለው በቀላሉ ይቆጠራል። ከሼዱ በእግር በሚደረስ ርቀት ጣውላ የሚያደርቅ፣ ስለት የሚሞርድ፣ ቫርኒሽ የሚቀባና በዱቤ የሚሸጥ ሰው ስንት አለ የሚለው ግን በዕቅዱ ላይ ዓምድ የለውም።