ከአያት የተረፈ የወረቀት ገንዘብ ስንት ያወጣል?

ከመካከላችን የአንዱ ሰልጣኝ ወንድ አያት ካረፉ በኋላ፣ ይርጋለም አካባቢ ካለው ቤታቸው፣ ከአሮጌ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ 17 የወረቀት ብሮች ተገኙ። ሁሉም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥዕል አለባቸው። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ ወጣት በወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አንብቦ «ዶላር ነው፤ ሀብታም ሆነናል!» አለ። ሌላው ደግሞ «ለምድጃ ካልሆነ ለምንም አይሆን» አለ። ይባስ ብሎ አንድ ደላላ መጣና «በውስጥ መንገድ በባንክ አስመነዝርላችኋለሁ፤ ለማስፈጸሚያ 15,000 ብር አምጡ» ስላላቸው፣ ሴት አያቱ እማማ ጥጃቸውን ገበያ ሊያወጡ ተነስተው ነበር።

ጓደኛችን ብሮቹን በደብተር መሐል አድርጎ ሐዋሳ ይዟቸው መጣ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእኛው ነው የሚቀርበው። ስለዚህ መጽሐፍ አገላበጥን፣ መምህሮቻችንን ጠየቅን። የደረስንበትንም ከዚህ በታች እናቀርባለን። ነገሩ በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፤ እነሱም የትኛው ገንዘብ ነው? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ፈላጊ አለው ወይ? የሚሉት ናቸው።

፩. የትኛው ገንዘብ ነው?

በመጀመሪያ የ«ዶላሩን» ነገር እንፍታ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ገንዘባችን በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። በሁለቱም ቋንቋ «ብር» ብቻ መባል የጀመረው በ1969 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአያትየው ገንዘብ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ዝምድና የለውም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡት በእነዚህ የንጉሡ ብሮች ላይ የታተሙበት ዓመት አልተጻፈም። ስለዚህ ዓይናችንን የምንጥለው በባንኩ ስም፣ በሥዕሉና በፊርማው ላይ ነው።

«የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚል ካለበት ቀደም ያለ ነው። ይህ ባንክ ከወረራው በኋላ የመጀመሪያዎቹን ብሮች ያወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ባለ 1 ብሩ ላይ ገበሬ በበሬ ሲያርስ፣ ባለ 5ቱ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር፣ ባለ 10ሩ ላይ የምኒልክ ሐውልት ይታያል። እስከ 500 ብር ድረስም ነበረው። የመጀመሪያው ገዥ ፊርማ የአሜሪካዊው የጆርጅ ብላወርስ ነው። በኋላ የመጡት ገዥዎችም በየተራ ስለፈረሙ፣ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ፊርማው ከተለያየ ዘመኑም ይለያያል ማለት ነው።

«የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» የሚል ካለበት ደግሞ የኋለኛው ነው። ይህ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ በራሱ ስም ያሳተማቸው ብሮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ወጡ። ባለ 1 ብሩ የምጽዋን ወደብ፣ ባለ 5ቱ የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ባለ 50ው የቆቃን ግድብ፣ ባለ 100ው የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ይዘዋል። ፊርማው የአቶ ምናሴ ለማ ነው። የአያትየው 17 ብሮች ከዚህ ወገን ሆነው ተገኙ፤ 9ኙ ባለ 1፣ 5ቱ ባለ 5፣ 3ቱ ባለ 10 ናቸው። ሲደመሩ 64 ብር ይሆናሉ።

የደርግ ዘመን ብሮች በቀላሉ ይለያሉ። ቡና የሚለቅመው ሰው በባለ 5ቱ፣ ሰፌድ የምትሰፋዋ ሴት በባለ 10ሩ ላይ አሉ። ሆኖም «1969» የሚለው ቁጥር አያሳስተን። በኋላ የታተሙትም ይህንኑ ዓመት እንደያዙ ነው የወጡት፤ ትክክለኛውን ጊዜ የሚነግረን ፊርማው ነው።

ከሁሉም የሚቀድሙት የአቢሲኒያ ባንክና እሱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 የተካው የኢትዮጵያ ባንክ ያወጧቸው ናቸው። እነዚህን ያገኘ ሰው ሳይቸኩል አዋቂ ያማክር።

እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ከባዮሎጂ ክፍል አጉሊ መነጽር ተውሰን ነበር። በእውነተኛው ላይ መስመሮቹ ጥርት ያሉና ያልተቆራረጡ ናቸው። በቀለም ኮፒ የተባዛ ከሆነ ግን መስመሩ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ይሆናል።

፪. በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?

የገንዘብ ሰብሳቢዎች ለወረቀቱ እንደ ፈተና ውጤት ደረጃ ይሰጡታል። አንዳንዶቹ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ያርሙታል። እኛ ግን በቀላሉ እንዲህ ከፈልነው፦

አንደኛ ደረጃ፦ ምንም እጥፋት የሌለው፣ ጠርዙ ሹል፣ ከባንክ እንደወጣ ያለ።
ሁለተኛ ደረጃ፦ አንድ ወይም ሁለት ቀላል እጥፋት ያለው፣ ግን ንጹሕ።
ሦስተኛ ደረጃ፦ ብዙ እጥፋት ያለው፣ ጥቂት የቆሸሸ፣ ግን ያልተቀደደ።
አራተኛ ደረጃ፦ የላላ፣ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተበላ።
አምስተኛ ደረጃ፦ የተቀደደ፣ የተበሳ፣ የጎደለ ወይም የተለጠፈ።

በዚህ መሠረት ከአያትየው ብሮች 2ቱ ሁለተኛ፣ 11ዱ ሦስተኛ፣ 3ቱ አራተኛ ደረጃ አገኙ። 1ዱ ግን አምስተኛ ሆነ። ለምን ቢባል፣ ከዘመዶች አንዱ «ላሳምረው» ብሎ በፕላስተር ለጥፎት ነበር። ማጠብም፣ በካውያ መተኮስም፣ መለጠፍም ዋጋውን ያወርደዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም።

፫. ፈላጊ አለው ወይ?

በ1969 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲወጣ የንጉሡ ብር እንዲቀየር የተሰጠው ጊዜ አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ በባንክ ዋጋ የለውም። እኛ ራሳችን በ2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሮች ሲለወጡ አይተናል። የቀነ ገደቡ 3 ወር ነበር፤ ካለፈ አለፈ። ስለዚህ «አስመነዝራለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው።

የሚቀረው የሰብሳቢዎች ዋጋ ነው፤ እሱም የሚወሰነው በብርቅነቱና በደረጃው ነው። ብዙ ሰው ሳይቀይረው የቀረው አነስተኛው ገንዘብ ስለሆነ ባለ 1 ብሩ ዛሬ በብዛት ይገኛል። ባለ 100 እና ባለ 500 ብርን ግን ሳይመልስ ማን ይቀመጣል? ስለዚህ እነዚህ ብርቅ ሆኑ። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ለመሸጥ የሚፈልግ ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቅ። ከጥንት ዕቃ ሱቆችም ዋጋ ማወዳደር ይቻላል።

የአያትየው 64 ብር በ1969 ዓ.ም. ምንዛሪ፣ አንዱ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ሲሰላ፣ 31 ዶላር ያህል ነበር። በቡና ለቀማ የተጠራቀመ ገንዘብ ነውና ያኔ ቀላል አልነበረም። ዛሬ ግን የተለመደ ዓይነትና መካከለኛ ደረጃ ስለሆነ ሀብት አያስገኝም።

ይህንኑ ሳንደብቅ ለእማማ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እሱ እኮ ያን ዓመት ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ሲነሳ ጊዜው አልፎ ጠበቀው። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም» አሉ። ጥጃዋ አልተሸጠችም። ለየልጆቻቸው አንዳንድ ብር አካፍለው የቀረውን አስቀመጡት። እኛም ብሮቹን ሳንነካ፣ በሌላ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም፣ የት እንደተገኘና ለምን ሳይቀየር እንደቀረ ጽፈን አብረን በነጭ ፖስታ ከተትነው። ፖስታው ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በመጽሐፍ መሐል ቢቀመጥ ይበቃዋል።

በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ገንዘብ ካለ ከደላላ በፊት ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ታሪኩን ጻፉት። ስህተታችንን የሚያርም ወይም የሚጨምርልን መምህርም ሆነ ሰልጣኝ ቢኖር ጽሑፉን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።