ጨጎጎትና የእማማ ቀሚስ

ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ዝናብ ካልዘነበ ውኃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው። እዚያ ዳር ስናስተምር ከተማሪዎቻችን አንዷ አንዲት እናት ነበሩ። ጣታቸው ደርቆ አልታጠፍ ስላላቸው የቀሚሳቸውን ቁልፍ የሚቆልፍላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ሰው ከሌለ ከትምህርት ይቀራሉ።

አንድ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ የልጅ ጫማ ላይ ጥብጣብ ፈታና ቁልፉን አንስቶ እሱን ሰፋላቸው። ሲጫኑት ይያያዛል፤ ሲስቡት ጭርር ብሎ ይላቀቃል። እማማም «ይኼ ጨጎጎት ነው እንዴ?» አሉ። አልተሳሳቱም።

ጨጎጎትን የማያውቅ ገበሬ የለም። ከማሳ ስንመለስ ልብሳችን ላይ ተሰክቶ ይመጣል፤ እየረገምን እንለቅመዋለን። ግን እኮ ክፋት አይደለም፣ ዘር ነው። እግር የለውምና በሰውና በከብት ተሳፍሮ ሌላ ማሳ ይደርሳል። እስቲ አንዷን ፍሬ ይዛችሁ ልብ ብላችሁ እዩ። ጫፏ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ አላት። ጥርሱ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ደቃቅ እሾሆች አሉ። መግባት ይችላሉ፤ መውጣት እንቢ ይላሉ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ተራራ ላይ ሲዘዋወር እንዲህ ያለ ፍሬ ሱሪውና የውሻው ፀጉር ላይ ተለጠፈ። የዚያ አገር ተክል ከኛ ጨጎጎት ይለያል፤ ፍሬው ክብ፣ እሾሁም ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ሰውዬው ለቅሞ አልጣለውም። አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ቢያየው፣ መንጠቆዎቹ የሱሪውን ክር እንደ ቀለበት አንቀው ይዘዋል። ታዲያ ልብስስ እንዲህ ቢዘጋ ምን ይላል?

ማሰቡ ቀላል ነበር፤ መሥራቱ ግን ወደ 10 ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ፣ አንድ ሸማኔ በጥጥ ሠራለት። ጥጥ ለስላሳ ስለሆነ መንጠቆው ቶሎ አለቀ። ወደ ናይሎን ዞረ። ናይሎን በሙቀት የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። አሁን ቀለበቱ ወጣ፤ መንጠቆው ግን አልሆን አለ። በመጨረሻ ቀለበቱን ከአናቱ ዝቅ ብሎ በአንድ ጎኑ ቢቆርጠው የቀረው መንጠቆ ሆነ! ያን ሁሉ ደቃቅ ቀለበት በአንድ ልክ የሚቆርጥ ማሽን ማግኘት ነበር ያደከመው። በ1955 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ስሙም ቬልክሮ ተባለ። ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች እንኳ ዕቃቸው እንዳይንሳፈፍ ተጠቅመውበታል።

የእማማም ቀሚስ ባንዴ አልተሳካም። ሰፊው ሻካራውን ወገን ከላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎት ነበርና ቀሚሱ በተከፈተ ቁጥር ነጠላቸውን ይዞ ክሩን መዘዘው። ፈታና ሻካራውን ከላይኛው እጥፋት ሥር፣ ለስላሳውን ከታች አደረገው። ቀጥሎ የደቻቱ አሸዋና የጥጥ ብናኝ መንጠቆው ውስጥ ገብቶ መያዙን ተወ። ይህንንስ እማማ ራሳቸው አገኙት፦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጉታል፤ ሲያጥቡትም ዘግተው ነው። ትምህርት መሐል ሲከፍቱት ጭርር ስለሚል ግን ክፍሉ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።