በብርድ ልብስ መጋረጃ

ቴአትር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ወደ ሀገር ፍቅር ይሄዳል። በየክፍለ ሀገሩ ከተማ፣ በየሰፈሩ፣ ወጣቶች ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ሥራ ከልጆች ጨዋታ ከፍ ብሎ አይታይም። በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። «ልጄ ድራማ ይሠራል» ብሎ በኩራት የሚናገር አባት ማግኘት ቀላል አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የወላጆችን ስጋት ለማጣጣል አይደለም። እኛም ወላጆች ነን። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ከተማ አንድ አነስተኛ የወጣቶች ቡድን ዘንድ ሄደን ያየነውና የሰማነው በየቤቱ ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወደ ወጣቶቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ለመድረክ የተጻፈውን የመጀመሪያ ተውኔት የደረሱት ሰው የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት ሰያ ደብር ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኝነት ትምህርት ተምረው ተመልሰዋል። ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ «ቴአትር አለ» ተብለው ተጠርተው ቢሄዱ ያገኙት የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። ይህ ቢቆጫቸው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ሥራ ጽፈው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ሆቴል ውስጥ አሳዩ።

በተውኔቱ ውስጥ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለ ጉቦ፣ ስለ አድልዎና ስለ መጥፎ አስተዳደር ነበር። ከተመልካቹ መካከል ያሉት መኳንንት የማን መልክ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ንግሥት ዘውዲቱም ተውኔቱን ከለከሉ። ቴአትር እንደገና በአደባባይ እስኪታይ ድረስ ዓመታት አለፉ።

ለእኛ ለመድረሳ ልጆች ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ተክለ ሐዋርያት ተረቶቻቸውን ሲያዘጋጁ የተመሩት በፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ነው። ላ ፎንቴን በበኩሉ ከሁለተኛው መድበሉ ተረቶች ብዙዎቹን ያገኘው ፒልፓይ ከተባለው የሕንድ ጠቢብ መሆኑን ራሱ ገልጿል። የዚያ ጠቢብ ተረቶች ደግሞ ለዓለም የተዳረሱት «ከሊላ ወዲምና» በሚለው የዐረብኛ መጽሐፍ በኩል ነው። መጽሐፉን በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ከፋርስ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የመለሰው አብዱላህ ኢብኑል ሙቀፋዕ ነበር። አንበሳውን፣ በሬውንና ሁለቱን ቀበሮዎች ዐረብኛ የቀራ ሁሉ ያውቃቸዋል። እንግዲህ ከመድረሳችን መደርደሪያ የወጣው ተረት ፓሪስን ዞሮ፣ በአንድ የሸዋ ሰው እጅ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ሆነ ማለት ነው። «ቴአትር የኛ አይደለም» ሲባል ስንሰማ ይህን መንገድ እናስታውሳለን።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ በአገራችን ቴአትርን ያቆሙት በአመዛኙ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የቴአትር ድርጅት አልነበረም። በወረራው ዋዜማ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ነበር። ከዚያም በየትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች ለወላጆች በዓል ድራማ ያዘጋጁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የኪነቱ መድረክ የመንግሥት አፍ መሆኑ አይካድም፤ ብዙ ልጆች ግን መድረክ ላይ መቆምን የተማሩት እዚያ ነው። ዛሬ ደግሞ በትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ አለ። እኛም በየዓመቱ የክበብ ተጠሪ ሆነን ስለምንመደብ የልምምዱን ጣጣ በሚገባ እናውቀዋለን።

የጎበኘናቸው ወጣቶች የሚለማመዱት አንድ ነጋዴ ባዋሳቸው ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው። 11 ናቸው። ግማሾቹ «ኡስታዝ»፣ ግማሾቹ «ቲቸር» እያሉ ተቀበሉን። ከመካከላቸው የብየዳ ሠራተኛ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ በሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ አለ፤ የቀሩት ተማሪዎች ናቸው። መድረኩ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ በብሎኬት ላይ ተደርድሮበት የተሠራ ነው። መጋረጃው ሁለት ብርድ ልብስ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ከዚህ የተሻለ መጋረጃ ከየት ይመጣል! በሲባጎ ላይ ተሰቅሎ አንድ ትንሽ ልጅ ይጎትተዋል። ልምምዱ ሲያበቃ ብርድ ልብሶቹ ታጥፈው ወደ ባለቤታቸው ወደ አንዲት እናት ቤት ይመለሳሉ፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ልምምድ ቅዳሜና እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ከመግሪብ በፊት ይበተናሉ። ሴቶቹ ልጆች አራት ሲሆኑ፣ ከእናቶቻቸው አንዷ በየተራ መጥታ ዳር ላይ ትቀመጣለች። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ወላጆቹ ራሳቸው ተነጋግረው ያደረጉት ነው። በመካከል የፍቅር ትዕይንት የለም፤ ዘፈንም የለም። ቦታ ሲቀየር አንድ ልጅ በድቤ የመንዙማ ምት ይመታል። ከወሎ የመጣች አያት ያላት ልጅ እንደነገረችን ሐሳቡ ከመንዙማ የተወሰደ ነው፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በተውኔቱም ውስጥ የገበያው ሕዝብ እንደ ተቀባይ ሆኖ በአንድ ድምፅ ይናገራል። እኛ ከልምምዱ ሁሉ የወደድነው ይህንን ነው።

ተውኔቱ ርዕስ ገና አልወጣለትም። የሚያወራው ስለ አልዩ አምባ ነው። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኝ፣ አርጎባዎችና ሌሎችም ሙስሊሞች ከጥንት የኖሩባት የንግድ ከተማ ናት። ከባሕር በብዙ ቀን መንገድ ብትርቅም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የባሕር በር ነበረች ማለት ይቻላል። ከታጁራ ወደብ የተነሡ ግመሎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ጨውና የውጭ ዕቃ ጭነው የሚደርሱት እዚያ ነበር። ከደጋው የሚወርደው ሸቀጥም ወደ ባሕር የሚጓዘው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ሐሪስ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪምም አልዩ አምባ ላይ ተቀምጦ ስለ ኑሮዋ በሰፊው ጽፏል።

በዚያ መንገድ ግን የሄደው ጨውና ቡና ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። በአልዩ አምባ አቅራቢያ አብዱል ረሱል በምትባል መንደር የባሪያ ገበያ ነበር። ልጆች ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው ይመጡና ወደ ታጁራ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ይወሰዱ ነበር። የሚነግዱት በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። የንጉሡም ቀራጭ ቀረጡን ይወስድ ነበር።

የወጣቶቹ ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ተውኔቱን ከጻፉት አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሦስተኛው ትዕይንት አንዲት ልጅ በገበያ ላይ ለሽያጭ ስትቀርብ አሳይታለች። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ መጋዘኑን ያዋሱት ነጋዴ መጡ። እኛም በዚያ ቀን ነበርን። እኚህ ሰው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የመብራቱንም ሒሳብ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

«ልጆቼ፣ ስለ ጨው ተናገሩ፣ ስለ ግመሉ ተናገሩ፣ ስለ ሸኾቹ ተናገሩ» አሉ። «ይሄን ምን አስነሣችሁ? የአባቶቻችንን ገመና እኛው ለሰው ፊት እንስጥ? ሰውስ ይሄን ሰምቶ ነገ ምን ይለናል?»

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ጋሼ፣ የተሸጠችዋ ልጅም እኮ አባት ነበራት» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የነጋዴውን ስጋት አቅልለን አላየነውም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የታሪክ ቁራሽ እየተመዘዘ ሰው በሰው ላይ ሲነሣ አይተናል። ተውኔቱ አንዱን ወገን ብቻ አቁሞ የሚወቅስ ቢሆን እኛም ይቅር እንል ነበር። ይሁንና የጽሑፉን ቅጂ ተቀብለን አንብበነዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ቀራጩ አልነበረም። ልጅቱ ታሪኩን ስታጠና አግኝታ ጨምራዋለች፤ አሁን ነጋዴው ይሸጣል፣ ቀራጩ ይቆጥራል፣ የገበያው ሕዝብ ዋጋ ይጠይቃል። ከማንኛውም ወገን የመጣ ተመልካች አያቱን የሚያገኝበት ቦታ አለው። ይህ ደግሞ አንድን ወገን መወንጀል አይደለም።

አብረውን የነበሩ አንድ ሸኽ ጉዳዩን በሌላ በኩል አዩት። «ሱረቱል በለድን ቀርታችኋል» አሏቸው። «አቀበቱ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የተጠራው ባሪያን ነጻ ማውጣት ነው። አባቶቻችን ይህን እየቀሩ ከገበያው ውለው ከሆነ፣ ልጆቻቸው ማወቃቸው ምን ይጎዳል?» ነጋዴው ዝም አሉ። እንዳልተስማሙ ግን ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። ደግሞም በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲስማሙ መጠበቅ አይገባም። በአገራችን ባርነትን የሚሽር ጠንካራ ሕግ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ማለት በልጅነታቸው ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ያሳደጓቸው ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ ማለት ነው።

በጎ ፈቃደኛ መሆን ነጻነት የሚመስለን አለን። ደመወዝ የለም፤ አለቃ የለም። ነገር ግን ደመወዝ የሌለው ቡድን መጋዘን ይዋሳል፣ ብርድ ልብስ ይዋሳል፣ የሴት ልጆቹን ፈቃድም ከየቤቱ ይዋሳል። ያዋሰው ሰው ሁሉ በተውኔቱ ላይ ድምፅ አለው። ተክለ ሐዋርያትን የከለከሏቸው ንግሥት ነበሩ። እነዚህን ልጆች ሊከለክሏቸው የሚችሉት ግን የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ጋር ከሆነ የት እንደሚውል ብቻ አትጠይቁ፤ ምን እንደሚሠራም ጠይቁ፤ ጽሑፉንም ተቀብላችሁ አንብቡ።

ሌላም ችግር ነበር። የባሪያ ነጋዴውን ሆኖ የሚጫወት ጠፋ። ሁሉም ግመል ነጂ፣ ሁሉም ደግ ሸኽ መሆን ይፈልጋል። በመጨረሻ ብየዳ የሚሠራው ወጣት ተቀበለ። እናቱ ስትሰማ ሁለት ቀን አኩርፋ እንደነበር ራሱ እየሳቀ ነግሮናል። የምትሸጠዋን ልጅ የምትጫወተው ታዳጊ በትዕይንቱ ውስጥ አንድም ቃል አትናገርም። ለምን እንደሆነ ደራሲዋን ብንጠይቃት፣ ቋንቋዋን በገበያው የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ነገረችን።

በስተመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት ይህ ነው፦ ተውኔቱ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ሽማግሌዎቹ፣ ነጋዴውና የልጆቹ ወላጆች ብቻ ተቀምጠው ሙሉውን ያያሉ። ሦስተኛው ትዕይንት ሳይቆረጥ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ይነጋገራሉ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም። መግቢያ በነጻ ሲሆን፣ ወንበር ስለሌለ መቀመጫ ይዞ መምጣት የተመልካቹ ፈንታ ነው።