በሌለንበት ጊዜ ዶሮ ስለሚያጠጣ ጀሪካን

ዶሮ ጥሬዋን ጭራ ታገኛለች፤ ውኃን ግን ጭራ አታገኝም። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ቤተ ሰባችን በሙሉ ለዘመድ ሠርግ ወደ ወልድያ በሄደ ጊዜ ነው። የዶሮዎቹ ጠባቂ እኔ ስለሆንሁ፣ ሰፊ ሳፋ ውኃ ሞልቼ «ይህ ለአራት ቀን ይበቃል» ብዬ ተጓዝሁ። ስንመለስ ሳፋው ተገልብጦ ደርቋል፤ ከስምንቱ ዶሮዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ የተረፉትም ለብዙ ቀን እንቁላል አልጣሉም። እናቴም «የሞቱት ዶሮዎች ብቻ አይደሉም፤ ያንተም ደብተሮች ናቸው» አለችኝ። ደብተሬ የሚገዛው ከእንቁላሉ ሽያጭ ነውና።

ነገሩን ሳስበው የሳፋው ጉድለት ሦስት ሆኖ አገኘሁት። አፉ ሰፊ በመሆኑ የዋጃ ፀሐይ ውኃውን ቶሎ ያተነዋል፤ ዶሮዎቹ ገብተው ይረግጡታል፤ ሲቆሙበትም ይገለበጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ውኃ ብቻ በግልጥ እንዲቀመጥና በተጠጣው ልክ ሌላ እንዲተካ ማድረግ ነው። ይህንም ያለ ሰው እጅ የሚሠራልን አየር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የ20 ሊትር ጀሪካን ይፈለግና፣ ከታች ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳው በእንጨት ይወተፍና ጀሪካኑ ተሞልቶ ክዳኑ ይጠበቃል። ከዚያም ጠርዙ ከቀዳዳው ከፍ የሚል ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይቆምና ውታፉ ይነቀላል። ውኃው እየፈሰሰ ሳሕኑን ይሞላል፤ ቀዳዳውን በሸፈነው ጊዜ ግን ይቆማል። ዶሮዎቹ ጠጥተው ውኃው ዝቅ ሲል ቀዳዳው ይገለጣል፤ አየር ይገባል፤ ጥቂት ውኃም ይወርዳል።

ውኃው ለምን አንድ ጊዜ ፈስሶ አያልቅም? በሳሕኑ ውኃ ላይ የውጭው አየር ስለሚጫነው ነው። የአየርን ክብደት በ1643 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በባዜቃ አሳይቷል። በባሕር ወለል ላይ አየር አሥር ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ደግፎ ይይዛል። አገራችን ዋጃ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የእኛ አየር የሚይዘው ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የጀሪካኑ ቁመት ግማሽ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ለአየሩ ከባድ ሸክም አይደለም። ነገር ግን ክዳኑ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢያስተነፍስ ከላይ አየር ይገባና ውኃው ሁሉ ይፈሳል።

በመጀመሪያ ሙከራዬ ጀሪካኑን ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አቆምሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሕኑ ሞልቶ ፈስሶ መሬቱ ጨቅይቶ አገኘሁት። ክዳኑን መረመርሁ፤ ደኅና ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት በፊዚክስ ደብተሬ ነው፤ አየር ሲሞቅ ይሰፋል። በጀሪካኑ ውስጥ 10 ሊትር አየር ቢኖርና ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 0.7 ሊትር ያህል ውኃ ገፍቶ ያስወጣል። ማታ ሲበርድ አየሩ ይኮማተርና በቀዳዳው ሌላ አየር ይገባል፤ በማግሥቱም እንደገና ይገፋል። እንዲህ ሆኖ ማንም ሳይጠጣው ውኃው ያልቃል። ስለዚህ ጀሪካኑን ቀኑን ሙሉ ጥላ ከማይለየው ከዶሮ ቤቱ ውስጥ አስገብቼ እርጥብ ጆንያ አለበስሁት።

መጠኑንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። አንዲት ዶሮ በሙቀት ቀን ግማሽ ሊትር ያህል ትጠጣለች። ስድስት ዶሮዎች በአራት ቀን 12 ሊትር ይፈልጋሉ ማለት ነው፤ የቀረው ለመጠባበቂያ ይሁን። ከጉዞውም በፊት ሁለት ቀን እቤት ሆኖ መሞከርና በየማታው የውኃውን ልክ በከሰል ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

በከተማ በመስተዋት ሣጥን ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎችም በዚሁ ዘዴ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ለእነርሱ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ፀሐይና ነፋስ የሚወስዱት ውኃውን ብቻ ነው፤ በውስጡ የሟሟው ጨው ግን ይቀራል። ስለዚህ በጎደለው ላይ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ አልፎ አልፎ ከአሮጌው ውኃ ከፊሉን ቀድቶ በአዲስ መለወጥ ያሻል። ቧንቧ ያለው ሰው ደግሞ በተንሳፋፊ ኳስ የሚከፈትና የሚዘጋ መክደኛ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ዘንድሮ እንደገና አራት ቀን ከቤት ርቀን ነበር። ስንመለስ እናቴ ከሁላችን ቀድማ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባች። ጀሪካኑ ውስጥ አራት ጣት ያህል ውኃ ቀርቶ ነበር፤ ስድስቱም ዶሮዎች በሕይወት አሉ፤ እርሷም በነጠላዋ ጫፍ እንቁላል ይዛ ወጣች።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለፈተና ብቻ ያጠናነው ትምህርት ከፈተናው ጋር ያልፋል። በጓሯችን የሞከርነው ግን ከእኛ ጋር ይኖራልና፣ በየቤታችሁ ሞክሩት።