ልሳን በእልፍኝ

በልሳን መናገር ሲነሣ ብዙ ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣው ጉባኤው ነው፤ ማይክሮፎን የጨበጠ አገልጋይ፣ እጁን ያነሣ ሕዝብ፣ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ። በልሳን የሚጸልዩ አማኞች ግን ጸሎታቸው በአብዛኛው ማንም በማይሰማበት ነው። ንጋት ላይ አልጋቸው ሥር ተንበርክከው፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ታክሲ ውስጥ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። ክርክሩ ሁሉ በአደባባዩ ላይ ስለሚውል እልፍኙ ተረስቷል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የልሳን ዋና ቤት እልፍኝ ነው ብዬ ስለማምን።

ለዚህ እምነቴ መነሻዬ የመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 14 ነው። እዚያ ጳውሎስ በልሳን የሚናገር ሰው ከአምላኩ ጋር እንደሚነጋገርና ራሱን እንደሚያንጽ ያስረዳል። እርሱም ከቆሮንቶስ ሰዎች ሁሉ አብልጦ በልሳን እንደሚናገር አይሸሽግም። በማኅበር ፊት ሲቆም ግን ከእልፍ የልሳን ቃላት ይልቅ አምስት የሚገቡ ቃላትን ይመርጣል። የሚተረጉም በሌለበት ጉባኤ ተናጋሪው ዝም እንዲል፣ ነገሩንም በራሱና በእግዚአብሔር መካከል እንዲያደርገው ያዛል። ታዲያ ከሁሉም አብልጦ የሚናገረው ጳውሎስ፣ በጉባኤ ይህን ያህል ከቆጠበ፣ የቀረውን የት ይጸልየው ነበር?

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አይናገርም። በ4ኛው መቶ ዘመን ያደገው ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን መልእክት ሲተረጉም፣ ስጦታዎቹ በዘመኑ ስለማይታዩ ነገሩ እንደ ጨለመበት ገልጿል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርትም የጰራቅሊጦስ ልሳን ሐዋርያት ወንጌልን ለየሕዝቡ በየቋንቋው እንዲሰብኩበት የተሰጠ ነው።

የዛሬዎቹ ጴንጤቆስጤዎች አባቶችም መጀመሪያ ያሰቡት ይህንኑ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1901 በአሜሪካ ካንሳስ፣ ቶፒካ ከተማ፣ በቻርልስ ፓርሃም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አግነስ ኦዝማን የተባለች ተማሪ በልሳን ተናገረች። ፓርሃም ልሳኑ የውጭ አገር ቋንቋ ነው፣ ሚስዮናውያን ሳይማሩ ይሰብኩበታል ብሎ አመነ። በ1906 ከሎስ አንጀለሱ የአዙሳ ጎዳና መነቃቃት ተነሥተው ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሄዱ ሰዎች ግን የአገሬው ሕዝብ እንደማይሰማቸው አዩ። ይህ መራራ ትምህርት ብዙዎችን ልሳን የጸሎት ቋንቋ ነው ወደሚለው ግንዛቤ መራቸው።

እልፍኙ ራሱ አደባባይ የወጣበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ የሳውዘርን ባፕቲስት ሚስዮን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በግል ጸሎታቸው በልሳን የሚጸልዩ አዲስ አመልካቾችን እንዳይቀበል ወሰነ። የሚገርመው፣ የቦርዱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄሪ ራንኪን ራሳቸው በግል ጸሎታቸው በልሳን እንደሚጸልዩ የታወቀ ነበር። ክልከላው በ2015 ተነሣ። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ከአምላኩ ጋር የሚያደርገው ንግግር በቅጽ ላይ የሚጠየቅ ጉዳይ መሆኑ አሁንም ይከነክነኛል።

እኛ ዘንድ ስጦታው የተስፋፋው በወጣቶች ነው። ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ስትመሠረት የመንግሥት ዕውቅና ተነፈጋት፤ በደርግ ዘመንም ደጇ ተዘጋ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። የሉተራን ሥርዓት ያላት መካነ ኢየሱስም፣ ውዝግብ ባያጣውም፣ ለእንቅስቃሴው በሯን ከፈተች።

ሳይንሱም ዝም አላለም። የቋንቋ ሊቁ ዊሊያም ሳማሪን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ልሳን ከተናጋሪው የራሱ ቋንቋ ድምፆች የተገነባ እንጂ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንዳልሆነ ጻፈ፤ የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው የሚለውንም አልተቀበለም። በ2006 አንድሪው ኒውበርግ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የ5 ሴቶችን አንጎል ሲመረምር፣ በልሳን ሲጸልዩ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ መዝሙር ከሚዘምሩበት ጊዜ ቀንሶ አገኘው። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ የመንፈስን ሥራም መሣሪያ አይለካውም። ቢሆንም፣ ጳውሎስ በልሳን ሲጸለይ አእምሮ ፍሬ እንደማያፈራ ከጻፈው ጋር መግጠሙ ያስደንቀኛል።

አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ልሳንን የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት የመጀመሪያ ምልክት አድርጎ ያስተምራል። ከዚያው ቤት የወጡት የአዲስ ኪዳን ሊቅ ጎርደን ፊ ግን ልሳንን ለግል ጸሎት እጅግ እያከበሩ፣ የምልክትነቱን ትምህርት አልተቀበሉም። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ልሳን መለኪያ ሲሆን፣ ያልተናገረ ወጣት ራሱን እንደ ጎደሎ ያያል፤ አንዳንድ ቦታም «ተከተለኝ» እየተባለ ቃል ይለማመዳል። ከጓደኞቹ ላለማነስ የተናገረ ልጅ እልፍኙ ሲገባ ምን ይዞ ይጸልይ?

በዚህ ጸሎት የኖሩ ሰዎች ለምን እንደሚጸልዩት ሲጠየቁ፣ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ስለ ምልክት አይደለም። ዓረብ አገር ያለች ልጇ ስልክ ካቆመች ወራት ያለፋት እናት ምን ብላ ትለምን? ታማ ይሁን፣ ታስራ ይሁን አታውቅም። የልጇን ስም ትጠራለች፤ ከዚያ በኋላ አማርኛው ያልቅባታል። በሩን ዘግታ በልሳን ትቀጥላለች።